የቱ ዕቃ በየትኛው መኪና፣ የቱ ደንበኛ በስንተኛ ተራ?

አንድ መኪና 10 ቦታ ዕቃ አድርሶ ይመለስ እንበል። አሥሩን ቦታ ማዳረስ የሚቻልባቸው ቅደም ተከተሎች 3,628,800 ናቸው። ቦታዎቹ 15 ሲሆኑ ቁጥሩ ከ1.3 ትሪሊዮን ያልፋል። መኪናው ሁለት ሦስት ሲሆን፣ አንዱ ደንበኛ «ከምሳ በፊት ካልመጣችሁ አልቀበልም» ሲል ደግሞ ይብሳል። ሁሉንም አማራጭ አንድ በአንድ አይቶ የተሻለውን መምረጥ የሚባል ነገር አይታሰብም።

ደግነቱ ሥራው ፍጹሙን መልስ አይጠይቅም። መኪናው ከመነሳቱ በፊት የተገኘ ጥሩ መልስ ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ስልቶች ወደዚያ ያደርሳሉ። የመጀመሪያዎቹን በወረቀት ወይም በኤክሴል መሥራት ይቻላል። የኋለኞቹ ኮምፒዩተር ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ብዙ ቦታ መስመሩን የሚያወጣው አንድ ሰው ነው፣ ጭነቱን የሚደለድለው ሌላ። ይህ አሠራር አይመቸኝም። ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙት መኪናው በር ላይ ነው። መጨረሻ የገባ ዕቃ መጀመሪያ ይወጣል። መስመሩን የነካ ሰው፣ ባያውቀውም፣ ጭነቱንም ነክቷል።

ደረጃ 1፦ መለካት

ለእያንዳንዱ ዕቃ ክብደቱን፣ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን ጻፉ። መጠኑ ታሽጎ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ላይ ከወጣ በኋላ ያለው ይሁን፤ ካታሎግ ላይ ያለውን አትመኑ። የአውሮፓ ደረጃ ፓሌት ብቻውን 14.4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ሁለት ፓሌት ሲደራረብ ወደ 29 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋው ቦታ የእንጨት ነው።

ቀጥሎ ሦስት ጥያቄ መልሱ። ዕቃው በጎኑ መተኛት ይችላል? በላዩ ሌላ ይደረብበታል? የሚደረብበት ከሆነ እስከ ስንት ኪሎ? እንደልብ የሚገለባበጥ ሳጥን 6 ዓይነት አቀማመጥ አለው። «ይህ ጎን ወደ ላይ» የሚል ምልክት ካለበት ግን 2 ብቻ ይቀሩታል።

ለመኪናው ወይም ለኮንቴይነሩ የውስጡን ልክ ውሰዱ። መደበኛው ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ በግምት 5.90 ሜትር ርዝመት፣ 2.35 ሜትር ወርድና 2.39 ሜትር ቁመት አለው። ይህ 33 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። የበሩ ቁመት ግን 2.28 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ቁመቱ 2.30 ሜትር የሆነ ፓሌት በስሌት ይገባል፣ በበሩ አያልፍም። በሩን ለብቻው ለኩት።

ለደንበኛው ደግሞ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ዕቃ የሚቀበልበት ሰዓትና ለማውረድ የሚፈጀው ጊዜ ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከተማ ውስጥ ግን መኪናው ቆሞ የሚያሳልፈው ሰዓት ከሚነዳበት ሊበልጥ ይችላል። ሹፌሮቹንና ረዳቶቹን ብትጠይቁ የትኛው ደንበኛ ጋ እንደሚያስጠብቁ ወዲያው ይነግሯችኋል።

ደረጃ 2፦ የማይሆነውን መጻፍ

ሁለት ዝርዝር አዘጋጁ። አንዱ «በፍጹም የማይሆን»፣ ሌላው «ባይሆን የሚመረጥ»።

በመጀመሪያው ውስጥ የሚገቡት እንዲህ ያሉ ናቸው፦ ከመኪናው አቅም በላይ መጫን፣ ኬሚካልን ከምግብ ጋር ማድረግ፣ ሹፌርን ከተፈቀደለት ሰዓት በላይ ማስነዳት። ሁለተኛው ውስጥ ደግሞ ደንበኛው ጋ ትንሽ ዘግይቶ መድረስ፣ አንዱን ሹፌር ወደማያውቀው ሰፈር መላክ የመሳሰሉት። የሁለተኛውን ዝርዝር ዋጋ ስጡት። ለምሳሌ አንድ ደቂቃ መዘግየት ከስንት ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ጉዞ ጋር እኩል ነው? ይህን ቁጥር አልጎሪዝሙ፣ ማለትም የስሌቱ ስልት፣ አያውቀውም። እናንተ ካልነገራችሁት ሁሉንም እኩል ያየዋል፤ ወይም ጭራሽ አያየውም።

የመጀመሪያውን ዝርዝር አጭር አድርጉት። ሁሉም ነገር «በፍጹም» ከተባለ ፕሮግራሙ መልስ የለም ብሎ ይቆማል።

ደረጃ 3፦ ስንት መኪና ያስፈልጋል?

መጀመሪያ ዝቅተኛውን ቁጥር አስሉ። ጠቅላላ ክብደቱን ለአንድ መኪና አቅም አካፍሉና ወደ ላይ አጠጋጉ። ለይዘቱም፣ ማለትም ለሜትር ኩቡ፣ እንዲሁ አድርጉ። ከሁለቱ የሚበልጠውን ያዙ። ከዚያ በታች ማንም አይወርድም።

አሁን ድልደላው። 10 ቶን የሚጭኑ መኪናዎች አሉን። ዕቃዎቹ በመጡበት ተራ 3.5፣ 2፣ 5፣ 1.5፣ 6፣ 3፣ 4 እና 5 ቶን ይመዝናሉ። ድምሩ 30 ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 3 መኪና ይፈልጋል። እንደ አመጣጣቸው እያነሳን «መጀመሪያ የሚበቃው መኪና» ላይ ብንጭን፣ አንደኛው 3.5፣ 2፣ 1.5 እና 3 ይዞ ይሞላል። ሁለተኛው 5 እና 4 ይይዛል። 6ቱ ቶን ለብቻው ሦስተኛ መኪና ይይዛል። የመጨረሻው 5 ቶን ደግሞ አራተኛ መኪና ያስወጣል።

አሁን ያንኑ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩት፦ 6፣ 5፣ 5፣ 4፣ 3.5፣ 3፣ 2፣ 1.5። ደንቡ ያው ነው፤ ዕቃውን አንሱና መጀመሪያ በሚበቃው ላይ ጫኑ። 6 እና 4 አንድ መኪና ይሞላሉ። ሁለቱ 5ቶች ሌላውን ይሞላሉ። 3.5፣ 3፣ 2 እና 1.5 ሦስተኛውን ልክ 10 ያደርጉታል። አንድ መኪና ቀረ። የጨመርነው ሥራ መደርደር ብቻ ነው።

ይህ ስልት ሁልጊዜ እንዲህ ፍጹም አይወጣለትም። ሆኖም የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ዴቪድ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ከምርጡ መልስ ቢርቅ ቢርቅ 22 በመቶ ገደማ ነው። ያውም በጣም መጥፎ በሆነ አጋጣሚ። በሥራ ላይ የሚያጋጥመው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል።

ክብደትም ይዘትም የሚያስቸግር ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ዕቃው ከመኪናው የክብደት አቅም ስንት በመቶ ይወስዳል? ከይዘቱስ? ከሁለቱ በትልቁ ደርድሩ። ስትጭኑ ግን ሁለቱንም አረጋግጡ። ብረት ቦታው ሳይሞላ ክብደቱ ያልቃል፣ ስፖንጅ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱን አቀላቅሎ መጫን ከማንኛውም ረቂቅ አልጎሪዝም የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ዕቃው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወደ ወደብ የሚላክ ኮንቴይነር ከሆነ፣ ይህ ድልደላ የመጨረሻው ነው፤ ወደ ደረጃ 5 እለፉ። ወደ ብዙ ደንበኞች የሚበተን ከሆነ ግን የመኪናውን ብዛት ለመገመት ብቻ ተጠቀሙበት። ስልቱ ካርታ አያውቅም። በሰሜንና በደቡብ ጫፍ ያሉ ሁለት ደንበኞችን፣ ክብደታቸው ስለገጠመ ብቻ፣ አንድ መኪና ላይ ይጭናቸዋል።

ደረጃ 4፦ መስመሩን ማውጣት

የርቀት ሰንጠረዥ ይቅደም። ከየቦታው ወደየቦታው በመንገድ ስንት ደቂቃ ነው? ቀጥታ መስመር አትለኩ፤ ወንዝና ቀለበት መንገድ ቀጥታ መስመርን ውሸታም ያደርጉታል። መሄጃውና መመለሻውም የተለያየ ሊሆን ይችላል። መጋዘኑን ጨምሮ 51 ቦታ ካለ 2,550 ቁጥር ያስፈልጋል። ይህን በእጅ የሚሞላ የለም። ኦኤስአርኤም የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ላይ አስልቶ ይሰጣል።

የብዙ መኪና ስምሪትን መጀመሪያ በሒሳብ መልክ ያስቀመጡት ጆርጅ ዳንትዚግና ጆን ራምሰር ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1959። ጥያቄያቸው ቤንዚን ለማደያዎች ስለማዳረስ ነበር። በ1964 ክላርክና ራይት ያቀረቡት የቁጠባ ስልት ግን እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው፣ እኔም ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መኪና ልካችሁ የመለሳችሁ አስመስሉ። ከዚያ ሁለት ደንበኞችን በአንድ ጉዞ ብታገናኙ ስንት ኪሎ ሜትር ይቀራል? የመጀመሪያው ከመጋዘን ያለውን ርቀትና የሁለተኛውን ከመጋዘን ያለውን ርቀት ደምሩ፤ በመካከላቸው ያለውን ቀንሱ።

በቁጥር እንየው። አራት ደንበኞች አሉ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና ረ። ከመጋዘን ያላቸው ርቀት በቅደም ተከተል 10፣ 12፣ 9 እና 14 ኪሎ ሜትር ነው። የርስ በርስ ርቀታቸው ይህ ነው፦

ሀ–ለ 5፣ ሀ–ሐ 15፣ ሀ–ረ 20
ለ–ሐ 13፣ ለ–ረ 19
ሐ–ረ 7

ለየብቻ ብንልክላቸው 90 ኪሎ ሜትር እንነዳለን። ቁጠባዎቹን አስልተን ከትልቁ ስንደረድር ሀ–ለ 17፣ ሐ–ረ 16፣ ለ–ሐ 8፣ ለ–ረ 7፣ ሀ–ሐ 4፣ ሀ–ረ 4 ይሆናሉ። ከላይ ጀምረን እናገናኝ። ሀ እና ለ አንድ መኪና፤ ጉዞው ወደ 73 ወረደ። ሐ እና ረ አንድ መኪና፤ 57 ሆነ። ቀጥሎ ለ እና ሐን ብናገናኝ 49 ይሆን ነበር። የጭነቱ ክብደት ግን 4፣ 3.5፣ 3 እና 2.5 ቶን ቢሆን ድምሩ 13 ነው። መኪናው 10 ነው የሚጭነው። ስለዚህ ተከለከለ፣ የቀሩትም በዚያው ምክንያት ወደቁ። መልሱ ሁለት መኪና፣ 27 እና 30 ኪሎ ሜትር።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ማገናኘት የሚቻለው በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለን ደንበኛ ብቻ ነው፤ መሀል የገባውን ተዉት። ሁለተኛ፣ ባገናኛችሁ ቁጥር ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ፈትሹ። ከመጋዘን ተነስታችሁ የጉዞውንና የማውረጃውን ደቂቃ እየደመራችሁ ሂዱ። ቀድሞ የደረሰ ይጠብቃል፣ የዘገየ መስመር ይሰረዛል።

የወጣውን መስመር ካርታ ላይ ሣሉት። ራሱን የሚያቋርጥ መስመር ካያችሁ ይስተካከላል። ለዚህ የሚሆነው ስልት ባለሁለት ልውውጥ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የታወቀ ነው። ከአንዱ መስመር ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ የሚወስዱ ሁለት ጉዞዎችን ቁረጡ፣ በመካከላቸው ያለውን የደንበኞች ተራ ገልብጡ፣ መልሳችሁ ቀጥሉ። ካጠረ ያዙት። ካላጠረ ወደነበረበት መልሱና ሌላ ጥንድ ሞክሩ። ምንም የሚያሳጥር ጥንድ ሲጠፋ አቁሙ። ባለአንድ አቅጣጫ መንገድ የሚበዛበት ከተማ ከሆነ የተገለበጠውን ክፍል እንደገና ማስላት ግድ ነው። ከዚያ ደንበኞችን አንድ በአንድ እያነሳችሁ ወደ ሌላው መኪና ብታዛውሩ ይሻል እንደሆነ እዩ። በኤክሴል እስከ 20 እና 30 ማውረጃ ድረስ ይህን መሥራት ይቻላል። ከዚያ በላይ ያደክማል።

ደረጃ 5፦ ጭነቱን መደርደር

ከፓሌቱ እንጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ የሚባክነው እዚያ ነው። ፓሌቱ 120 በ100 ሴንቲ ሜትር ነው። ካርቶኑ 40 በ30። ሁሉንም ካርቶን በአንድ አቅጣጫ ስትደረድሩ በአንድ ንብብር 9 ይገባል። ሁሉንም ስታዞሩ 8። በስፋት ስሌት ግን 10 መግባት ነበረበት። ይገባልም። አራቱን ካርቶን 30ው በፓሌቱ ርዝመት በኩል እንዲሆን ደርድሩ፤ 120ን ይሞላሉ፣ ከ100ው 40ውን ይወስዳሉ። በቀረው 60 ላይ ስድስቱን አዙራችሁ በሁለት ረድፍ አስገቡ። አንድም ክፍተት አይቀርም። ለምትደጋግሙት ካርቶን ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ ሠርታችሁ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ንብብሮቹን እያቀያየሩ ማቆላለፍ ወይስ ማዕዘን በማዕዘን ላይ መደረብ? ማቆላለፍ ፓሌቱ እንዳይናድ ይረዳል። ካርቶን ግን ጥንካሬው ማዕዘኑ ላይ ነው፤ ማዕዘን ለማዕዘን ሲገጥም የበለጠ ክብደት ይሸከማል። እኔ ቀጥ አድርጎ ደርቦ በፕላስቲክ መጠቅለሉን እመርጣለሁ። ቀላልና የሚንሸራተት ዕቃ ከሆነ ግን ይቆላለፍ።

ወደ መኪናው ስንገባ የተለመደው ስልት ግድግዳ መሥራት ነው። ከውስጠኛው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ በሩ፣ አንድ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ሙሉ፣ ከዚያ ቀጣዩን። የግድግዳውን ውፍረት የሚወስነው መጀመሪያ የምታስቀምጡት ዕቃ ነው። ስለዚህ አስቸጋሪውንና ትልቁን አስቀድሙ።

ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው የማዕዘን ነጥቦች ስልት ይቀላል። ባዶ መኪና ውስጥ አንድ ነጥብ ብቻ አለ፤ ውስጥ፣ ግራ፣ ታች። አንድ ሳጥን ስታስቀምጡ ያ ነጥብ ይጠፋና ሦስት ይወለዳሉ፦ ከጎኑ፣ ከላዩና ከፊቱ። ቀጣዩን ሳጥን በየነጥቡ፣ በየአቀማመጡ ሞክሩት። ከሌላ ዕቃ ጋር የማይጋጨውን፣ ከሥሩ የተደገፈውንና ወደ ውስጥ በጣም የገባውን ምረጡ። ድጋፉን የማይፈትሽ ፕሮግራም አየር ላይ የተንሳፈፈ ሳጥን ይሰጣችኋል።

ክብደቱ የት ላይ ነው ያረፈው? እያንዳንዱን ክብደት ከፊት ግድግዳ ባለው ርቀት አባዙ፣ ደምሩ፣ ለጠቅላላ ክብደቱ አካፍሉ። 6 ሜትር ርዝመት ባለው መኪና ላይ 2 ቶን በ1 ሜትር፣ 3 ቶን በ3 ሜትር፣ 1 ቶን በ5 ሜትር ላይ ቢቀመጥ መሀሉ 2.67 ሜትር ላይ ይሆናል። በሩ ጋ ያለው 1 ቶን ከወረደ በኋላ ወደ 2.2 ይመጣል። ጠዋት ልክ የነበረ የአክስል (የጎማ ዘንግ) ክብደት ከሰዓት በኋላ ልክ ላይሆን ይችላል ማለት ነው፤ በተለይ ተሳቢ ላይ። ስሌቱን በየማውረጃው ድገሙት። ግራና ቀኙንም እንዲሁ።

አሁን ወደ በሩ ጉዳይ። የመስመሩን ተራ ገልብጡና ጫኑ፤ የመጨረሻው ደንበኛ ዕቃ መጀመሪያ ይግባ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ግድግዳ ቢኖረው ማውረድ ይቀላል። ችግሩ ያልሞላ ግድግዳ ቦታ ያባክናል። መካከለኛው መንገድ ተከታታይ የሆኑ ሁለት ደንበኞች አንድ ግድግዳ እንዲጋሩ መፍቀድ ነው። ያም ካልበቃ ሁለት አማራጭ አለ። ወይ የደንበኞቹን ተራ ማለዋወጥ፣ ወይ አንዱን ዕቃ አውርዶ መልሶ መጫን። ሁለቱንም ወደ ደቂቃ ቀይራችሁ አወዳድሩ። ተራ መለዋወጥ 12 ደቂቃ ጉዞ ከጨመረና ሁለት ፓሌት አውርዶ መመለስ 8 ደቂቃ ከወሰደ፣ አውርዶ መመለሱ ያዋጣል። ጎኑ የሚከፈት መኪና ካላችሁ ይህ ጣጣ አብዛኛው ይቀርላችኋል።

ደረጃ 6፦ ለኮምፒዩተር መስጠት

መስመር የሚያወጣው የጎግል ፕሮግራም ኦአር-ቱልስ ነፃ ነው፣ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራል፣ ክብደትንም የሰዓት ገደብንም ያስተናግዳል። ሲጀምሩ ሁለት ነገር ሰዎችን ያደናግራል። አንዱ፣ የመስመር ክፍሉ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። ኪሎ ሜትሩን ወደ ሜትር፣ ሰዓቱን ወደ ሴኮንድ ቀይራችሁ አስገቡ። ሌላው፣ የመጀመሪያውን መልስ እንደሰጠ ካስቆማችሁት ገና ጥሬ ነው። የማሻሻያ ፍለጋውን አብሩና የጊዜ ገደብ ስጡት።

የራሳችሁን ለመጻፍ ካሰባችሁ «አፍርሶ መገንባት» የሚባለውን ሞክሩ። ፖል ሾው እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበው ነው። ካላችሁ መስመር ላይ ጥቂት ደንበኞችን አውጡ፤ በተለይ የሚቀራረቡትን። ከዚያ እያንዳንዱን ርካሽ በሆነበት ቦታ መልሳችሁ አስገቡ። ከተሻለ ያዙት፣ ካልተሻለ ወደነበረበት ይመለስ። ይህን ሺህ ጊዜ ድገሙት። ኮዱ አጭር ነው፣ አዲስ ክልከላ ሲመጣም ብዙ አያስቸግርም።

የመስመር ፕሮግራሞች ግን ሳጥን መደርደር አያውቁም። 30 ሜትር ኩብ ብትሏቸው 30ውንም ይሞሉታል። ስለዚህ አቅሙን ቀንሳችሁ ንገሯቸው። ምን ያህል? ያለፉ ጭነቶቻችሁን እዩ። «ሞልቷል» የተባለው መኪና በእርግጥ ስንት ሜትር ኩብ ይዞ ነበር? ያ ቁጥር የእናንተ አቅም ነው። መስመሩ ከወጣ በኋላ እያንዳንዱን መኪና በደረጃ 5 ፈትሹ። ያልገባ ዕቃ ካለ የዚያን መኪና አቅም ትንሽ ዝቅ አድርጉና መስመሩን እንደገና አስሉ። ሁለቱ እስኪስማሙ ይመላለሱ።

ደረጃ 7፦ ከመነሳቱ በፊት

ዕቅዱን መጀመሪያ ባለፈ ቀን መረጃ ላይ ሞክሩት። ያን ቀን ሹፌሮቹ ከሄዱበት መስመር በብዙ ከበለጠ አትደሰቱ፤ መጀመሪያ ምን እንደጎደለ ጠይቁ። ሹፌሩ የዞረው ያለምክንያት ላይሆን ይችላል። ከባድ መኪና የማይገባበት መንገድ፣ ጠዋት የሚዘጋ በር፣ ወይም ለመታጠፍ የሚያስቸግር ቦታ ይኖራል። ያንን ወደ ደረጃ 2 ዝርዝር መልሱት።

ጭነት ከተጀመረ በኋላ አዲስ ትዕዛዝ ከመጣስ? ዕቅዱን እንደገና አታስሉ፤ ግማሹ ዕቃ ቀድሞ ገብቷል። አዲሱን ደንበኛ በየሁለት ማውረጃዎች መካከል እያስገባችሁ የሚጨምረውን ደቂቃ ብቻ እዩ፦ ከቀዳሚው ወደ አዲሱ፣ ከአዲሱ ወደ ቀጣዩ፣ ሲቀነስ ከቀዳሚው ወደ ቀጣዩ። የማውረጃውንም ጊዜ ጨምሩበት። ዕቃው የሚቀመጠው በሩ ጋ ስለሆነ በመስመሩ መጀመሪያ አካባቢ ያሉትን ክፍተቶች አስቀድሙ። እዚያ የሚበቃ ሰዓት ከሌለና ሌላ ነፃ መኪናም ካልተገኘ፣ ትዕዛዙ ለሚቀጥለው ስምሪት ይደር፤ ደንበኛውም አሁኑኑ ይነገረው።